የአያ ፈንታ ሚስማሮች

ባለፈው ጳጉሜን የእህቴን ልጅ ላስመዘግብ እኔ ራሴ ወደተማርኩበት ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ቢሮው ቀለም እየተቀባ ስለነበር ምዝገባው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው አሉን። ልጅቷን በእጄ ይዤ ገና አንድ እግሬን ከደፉ እንዳሳለፍኩ የላምባ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ወደ ኋላ ልመለስ ቃጣኝ። አጋነነች የሚል ይበል። ስንት ነገር አይቼ ያልደነገጥኩ ሰው፣ በአንድ የላምባ ሽታ እጄ ላብ በላብ ሆነ። ልጅቷ እጇን ከእጄ አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችው።

ላምባው ለምስጥ ነው። የመደርደሪያዎቹ እግር በየሳምንቱ ላምባ በነከረ ጨርቅ ካልታሸ ምስጥ ከሥር ጀምሮ መጽሐፉን እየበላ ይወጣል። በእኔ ጊዜ ይህን የሚያደርጉት አያ ፈንታ ነበሩ። እኔ ያን ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለውን ጊዜ ሳስበው ትዝ የሚለኝ ፍርሃት ብቻ ነው።

አያ ፈንታ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነበሩ። የጃናሞራ ሰው ናቸው፣ የመካነ ብርሃን። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምረው ሳይጨርሱ ወደ ጎንደር ወረዱ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት የማይለያቸው፣ የመነጽራቸውን አንድ እግር በክር ያሰሩ ሰው ነበሩ። መምህራኑን ቲቸር እንላለን፣ እሳቸውን ግን ከዘበኛው እስከ አንደኛ ክፍል ሕፃን ድረስ ሁሉም አያ ፈንታ ይላቸዋል። አንድም ልጅ መትተው አያውቁም። መጽሐፍ አጣጥፎ የያዘ ልጅ ሲያዩ ግን «ምነው? እጅሽን እንዲህ ቢያጥፉሽ ትወጃለሽ?» ይላሉ፤ ይህቺን የሰማ ልጅ ሁለተኛ አያጥፍም።

ቤተ መጻሕፍቷ ጠባብ ነበረች፣ ከአንድ ክፍል በላይ አትይዝም። ስለዚህ ተራ ነበረን። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ኮምፔንሳቶ ተሰቅሏል፣ ሠላሳ ሚስማር ተመቶበታል፣ አሥር አሥር በሦስት ረድፍ። በየሚስማሩ ሥር የተጻፈው ቁጥር አይደለም፣ የዕለቱ ታቦት ስም ነው። ልደታ፣ ታዴዎስ፣ በዓታ፣ ዮሐንስ፣ አቦ፣ እያለ ይሄዳል። አያ ፈንታ ያደጉት ቀኑን እንዲያ እየቆጠሩ ነው፣ ማክሰኞና ረቡዕ የሚባለው ነገር አይዋጥላቸውም። አሥራ አራት ክፍል ነበርን፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ከካርቶን የተቆረጠ፣ በሲባጎ የሚንጠለጠል ካርድ አለው። ወር በገባ በልደታ ዕለት ካርዶቹን ሁሉ አውርደው፣ ቅዳሜና እሑድ የሚውሉትን እየዘለሉ፣ እንደ አዲስ ይሰቅሏቸዋል። መምህራኑ ጠዋት ጠዋት ሰሌዳውን ያያሉ፤ ካርድሽ በተሰቀለበት ታቦት ዕለት ክፍልሽ ይገባል። በወር አንድ ጊዜ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በቃ።

ይህን ሁሉ ደብተር ላይ አይጽፉትም። «ደብተር ምን ያደርግልኛል፣ እዚህ አለ» ይሉና ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ። መምህራኑ ሊፈትኗቸው፣ አምና በኅዳር ጊዮርጊስ የገባው ማን ነበር ይሏቸዋል። አያ ፈንታ ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ፣ ይነግሯቸዋል፣ አይስቱም። የሚኮሩበት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

እኔ ታዲያ ያ ሰሌዳ የፕሮግራም ሰሌዳ አልመሰለኝም። ለእኔ የተጻፈው እያንዳንዱ ክፍል ለየትኛው ታቦት እንደተሰጠ ነው። ማርያም የደረሰችው ክፍል ታድሏል፣ ማርያም ታዝናለች። ጊዮርጊስ የደረሰው ፈረሱን ይጠንቀቅ። የእኛ፣ የአራተኛ ሐ፣ ካርድ በጥቅምት የተሰቀለው ሚካኤል ላይ ነበር። ቤታችን ከአልጋዬ ትይዩ የሚካኤል ሥዕል አለ፤ በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በአንድ እጁ ሚዛን፣ ከእግሩ ሥር ደግሞ የተረገጠው። የተረገጠውን አተኩሬ ባየሁት ቁጥር ፊቱ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይመስለኛል።

ይህንን ለሐያት ነግሬያት ነበር። ሐያት በወንበር አብራኝ የምትቀመጥ፣ በመንገድም አብራኝ የምትሄድ ጓደኛዬ ናት። ቤታቸው ሙስሊሞች ስለሆኑ የሰሌዳው ስሞች አያስፈሯትም፣ በጣቷ ቆጥራ ትጨርሰዋለች። «ለእኔ አሥራ ሁለት ነው» አለችኝ። «ቁጥር ሰው አይቆጣም።»

የክፍላችን የንባብ ተጠሪ እኔ ነበርኩ። ማስተዋል የሚባለውን ስሜን አይተው ሳይሆን አይቀርም የመረጡኝ፣ ሥራዬንማ ቢያውቁ። የተጠሪ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዕረፍት ሰዓት ሄዶ መደርደሪያ መወልወል። ሁለተኛ፣ መቁጠር። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መደርደሪያ አለው፣ በመደርደሪያው አርባ መጽሐፍ አለ። ክፍሉ ሲገባ አያ ፈንታ ራሳቸው በተማሪው ፊት ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ሲወጣ ደግሞ ተጠሪው ቆጥሮ «ሙሉ ነው» ይላል። መጽሐፍ ከክፍሉ አይወጣም። ከጎደለ የክፍሉ ካርድ ለዓመት ይወርዳል፣ ተጠሪውም በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ፊት ወጥቶ ይቀጣል። አምና አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ እንዲያ ሆኖ ሲንበረከክ አይቻለሁ፤ ጉልበቱ ላይ ጠጠር ተሰክቶ ነበር።

በጥቅምት ሚካኤል ዕለት የደረሰኝ መጽሐፍ ስለ ባሕር ነበር። እኛ የቀሐን ወንዝ የምናውቅ ልጆች ነን፣ ባሕር ምን እንደሆነ ከየት እናምጣው። ሥዕሉ ላይ ግንባሩ ላይ መብራት የበራለት ዓሣ አለ። በጨለማ ውስጥ በገዛ መብራቱ እያየ ይሄዳል ይላል። እሱ ገጽ ላይ ስደርስ ደወል ተደወለ። ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ሳላውቅ አንድ ወር ልጠብቅ ነው ማለት ነው። ነገ በዕረፍት ስወለውል እመልሰዋለሁ ብዬ ሹራቤ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ መደርደሪያው ፊት ቆምኩና ሠላሳ ዘጠኙን መጽሐፍ አርባ ብዬ ቆጠርኩ።

«ሙሉ ነው» አልኩ።

«ሸጋ» አሉ አያ ፈንታ፣ ራሴን ዳበስ አድርገው። ማመናቸው ነው የገደለኝ።

ቀሐን የምንሻገረው በድንጋይ በድንጋይ ላይ እየዘለልን ነበር። ጥቅምት ነው፣ ውኃው ገና አልጎደለም። ሐያት ቀድማ ተሻግራ ትጠብቀኛለች። ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ስዘል መጽሐፉ ከሹራቤ ሥር ሾለከና ጧ ብሎ ውኃ ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበቴ ገብቼ ያዝኩት፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ጠጥቶ ጠጥቶ ነበር። ሐያት አፏን ይዛ ቀረች። ቋጥኝ ላይ ዘርግተን ብናደርቀው እንደ ዳቦ አበጠ፣ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣበቁ፤ ባለ መብራቱን ዓሣ ለማየት ሳላቅቀው ፊቱ ተቀዶ ቀረ። ሐያት ነገ ለአያ ፈንታ ንገሪያቸው፣ አይመቱሽም አለችኝ። እኔ የማስበው አያ ፈንታን መቼ ሆነ። ጠጠሩን፣ ሰንደቅ ዓላማውን፣ እናቴን፣ በእኔ ጦስ ዓመቱን ሙሉ መጽሐፍ የማያዩትን አርባ ልጆች፣ ማታ ደግሞ ከአልጋዬ ትይዩ የሚጠብቀኝን ሰይፍ ነበር። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር ከከሰል ጆንያው ኋላ ደበቅኩት።

ኅዳር ገባ። በልደታ ዕለት አያ ፈንታ ካርድ ሲሰቅሉ እኔ ከጎናቸው ቆሜ አቀብላቸው ነበር። የእኛን ቂርቆስ ላይ ሰቀሉት፣ አሥራ አምስት ቀን ነው። በቂርቆስ ገብተን፣ እሳቸው ጮክ ብለው ቆጥረው፣ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሊያቆሙ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አለኝ። እናቴ ምች ነው ብላ በእጇ እያሸች ስንት ቅጠል አጠጣችኝ።

ቂርቆስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በዕረፍት ሰዓት ስወለውል፣ አያ ፈንታ እግራቸውን ፀሐይ ሊያስመቱ ወደ ደጅ ወጡ። ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ማንም የለም። እጄ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ አላውቅም፤ የእኛን ካርድ ከቂርቆስ አወረድኩ፣ የሁለተኛ ለን ከመድኃኔ ዓለም አወረድኩ፣ አቀያየርኳቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። አሥራ ሁለት ቀን ገዛሁ። ያን ማታ ሁለት ሳህን በላሁ።

በቂርቆስ ዕለት አያ ፈንታ ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ አራተኛ ሐን ይጠብቃሉ። የመጡት ግን ሁለተኛ ለ ናቸው፣ ቲቸሯ አስከትላቸው። ወደ ክፍላችን እያሳዩ ሲነጋገሩ በመስኮት አየሁ። ቲቸሯ ሰሌዳውን ጠቆመቻቸው። አያ ፈንታ ጠጋ አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አዩ። ከዚያ ልጆቹን አስገቡ።

በዕረፍት ሰዓት ልወለውል ስሄድ ቆመው ጠበቁኝ።

«ማስተዋል፣ ነይማ። ያንቺ ዓይን ጤነኛ ነው፣ አንብቢልኝ። አራተኛ ሐ የት ላይ ነው ያለ?»

«መድኃኔ ዓለም ላይ።» ይህስ እውነት ነው።

«እኔ ወር ሲገባ የሰቀልኩት ቂርቆስ ላይ አልነበረም? አንቺ አጠገቤ ነበርሽ እኮ።»

ነበርኩ። ካርዱን ያቀበልኳቸው በዚህ በእጄ ነው። ቂርቆስ ላይ ነበር ካልኩ ማን አዟዟረው ይላሉ፣ ከእኔ በቀር በዚያ ሰሌዳ አጠገብ የሚቆም የለም።

«መድኃኔ ዓለም ላይ ነው የሰቀሉት፣ አያ ፈንታ» አልኳቸው።

አልተቆጡም። እጃቸውን አገላብጠው አዩት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ፣ አባቴንም እንዲህ ነው የጀመራቸው አሉ። አባታቸው መካነ ብርሃን ላይ የታወቁ ገበሬ ነበሩ፤ መጀመሪያ የበሬዎቻቸውን ስም ማምታታት ጀመሩ፣ ቀጥሎ የማሳቸውን ወሰን፣ በመጨረሻ አያ ፈንታ እግራቸውን ሊያጥቡ ሲቀርቧቸው አንተ የማን ልጅ ነህ አሏቸው። ይህን ከነገሩኝ በኋላ፣ በይ ወልውይ፣ እሽ፣ ብለው ወጡ። እኔ ያን ጊዜ የገባኝ ግማሹ ብቻ ነው። እሳቸውም እንደ እኔ የሚፈሩት ነገር እንዳላቸው ገባኝ። ያ የሚፈሩት ነገር እኔ መሆኔ ግን አልገባኝም።

መድኃኔ ዓለም ሲቃረብ ደግሞ ያው እህል አልበላ አለኝ። አሁንማ መንገዱን አውቄዋለሁ። በዕረፍት ሄድኩ፣ የእኛን አውርጄ በዓለ ወልድ ላይ ልሰቅል፣ በዚያ ያለውን የአምስተኛ ለን ካርድ አነሳሁ። ወዲያው የእግር ኮቴ ሰማሁ። ደንግጬ የአምስተኛ ለን ካርድ እጄ የደረሰበት ሚስማር ላይ ጣልኩትና ጨርቄን ይዤ ወደ መደርደሪያው ሮጥኩ። የገባው ዘበኛው ነበር፣ ክብሪት ፈልጎ። እሱ ሲወጣ ደወሉ ተደወለ፣ ላስተካክል ጊዜ አላገኘሁም።

የጣልኩበት ሚስማር ባለቤት ነበረው፣ ሦስተኛ ሀ። መድኃኔ ዓለም ሳይደርስ፣ በዚያ ሚስማር ዕለት ሦስተኛ ሀ እና አምስተኛ ለ በአንድ ክፍለ ጊዜ መጡ። ሰማንያ ልጅ በዚያች ጠባብ በር። ትልልቆቹ ገፉ፣ ትንንሾቹ ጮኹ፣ አንዲት የሦስተኛ ሀ ልጅ ደፉ ላይ ወድቃ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ደሟ በሹራቧ ላይ ሲወርድ እኔ ከክፍላችን መስኮት ቆሜ እያየሁ ነው። ዳይሬክተሩ እየሮጡ መጡ። ያን ዓመት የመጡ ወጣት ናቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ደንግጠዋል። በልጆቹ ሁሉ ፊት፣ በዚህ በታቦት ቆጠራ ትምህርት ቤት እንዴት ይተዳደራል፣ ሰኞ ማክሰኞ የሚባል ነገር አለ እኮ አባቴ፣ አሏቸው። አያ ፈንታ ጣታቸውን አንስተው ግንባራቸውን መታ መታ አደረጉ፤ እንደ ድሮው በኩራት ግን አልነበረም፣ ሰው የማይከፍተውን በር የሚያንኳኩ ይመስሉ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ወር መጨረሻ ተዘጋ። እኔ ተረፍኩ።

ከዚያ በኋላ አያ ፈንታ ሌላ ሰው ሆኑ። በግቢው ሲሄዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ታቦቶቹን ከልደታ እስከ ማርቆስ ይደግማሉ፣ ሠላሳውን ሲጨርሱ እንደገና ይጀምራሉ። ሕፃናቱ ከኋላቸው እየተከተሉ ይስቃሉ። በግቢው በር ላይ ቆመው የሚገባውን ልጅ ሁሉ ስሙን ራሳቸው ይጠሩና፣ አይደለህም ወይ፣ ይላሉ። ልጁ ነኝ ሲላቸው ፊታቸው ይፈካል። እኔንም በየቀኑ፣ ማስተዋል ነሽ አይደል፣ ይሉኛል። ሐያት ያኔ ነው ነገሩን የጠረጠረችው። ካርዱን አንቺ ነሽ አይደል ብላ አፈጠጠችብኝ። ጀርባዬን ሰጥቻት ደብተሬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ለሁለት ቀን ብቻዋን ወንዙን ተሻገረች።

ታኅሣሥ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ዳይሬክተሩ ተጠሪዎችን ሁሉ ሰበሰቡን። ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ጥር እንደተዘጋ ይቆያል፣ ከጥር ጀምሮ አዲስ ሠራተኛ ይመጣለታል፣ ተራውም በሳምንት ቀን ይሆናል አሉን። አያ ፈንታ ራሳቸው ቢሮ መጥተው፣ ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው፣ ሰው ሳያስወጣኝ ልውጣ ብለዋል። መጽሐፍ ሁሉ እንደ አዲስ ይቆጠራል። «የጎደለ ቢገኝ አትፍሩ» አሉ ዳይሬክተሩ። «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አያ ፈንታ ደክመዋል፣ በእሳቸው እንይዘዋለን።»

እሰይ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ በልቤ ያልኩት እሰይ ነው። ጠጠሩ ቀረ፣ እናቴ ቀረች፣ የክፍሌም ካርድ አልወረደም። ከቢሮው ስወጣ እየዘለልኩ ነበር።

አያ ፈንታ ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ስጠጋ እየደገሙ ነበር። ቶማስ፣ መስቀል፣ ሐና አሉ። ከዚያ ቆሙ። ከንፈራቸው ተከፍቶ ቀረ። ከሐና ቀጥሎ ማን እንደሆነ በጎንደር ከተማ የማያውቅ ሰው የለም፣ ጡት የሚጠባ ልጅም ያውቃል። አያ ፈንታ ጠፋቸው። ሲፈልጉት፣ ሲያጡት፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ።

«ሚካኤል» አልኩ ቀስ ብዬ።

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አየሽ?» አሉኝ። «አየሽ ልጄ፣ ሄደ እኮ።»

የዋሸሁት ነገር እውነት ሊሆን ነው። እኔ ካርድ አዟዟርኩ እንጂ ጭንቅላታቸውን አልነካሁም ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካስ ስነካው ነው የከረምኩት። ያን ሌሊት የሚካኤልን ሥዕል ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ፣ ግን የመጣብኝ ሰይፉ አልነበረም፣ ያ ተከፍቶ የቀረ አፍ ነበር። ከሰይፉ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

በሚካኤል ዕለት መጽሐፉን ከከሰል ጆንያው ኋላ አውጥቼ በፌስታሉ ይዤ ሄድኩ። ሐያት እስከ በሩ ሸኘችኝ። አያ ፈንታ ተንበርክከው የመደርደሪያ እግር በላምባ ያሻሉ፣ ቤቱ በሽታው ታፍኗል። ፌስታሉን ከፊታቸው መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት፤ ዓሣውን፣ ወንዙን፣ አርባ ብዬ መቁጠሬን፣ ካርዱን። ዱላውን ለመቀበል ትከሻዬን አኮማትሬ ቆምኩ።

አያ ፈንታ መጽሐፉን ዞር ብለው አላዩትም። ጨርቁን እንደያዙ ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ።

«ድገሚልኝ» አሉ። «የኅዳሩን።»

«የእኛን ከቂርቆስ አንሥቼ መድኃኔ ዓለም ላይ ሰቀልኩት።»

«ሁለተኛ ለን?»

«መድኃኔ ዓለም ላይ ነበረ፣ ወደ ቂርቆስ አመጣሁት።»

«ነበረ!» አሉ፣ ሚስማሩን በጣታቸው እየነኩ። «ነበረ እንጂ! እኔ ነኝ የሰቀልኩት። አምስተኛ ለስ? በዓለ ወልድ ላይ አልነበረም?»

«እዚያ ነበረ፣ አያ ፈንታ።»

አንድም አልሳቱም። አሥራ አራቱንም ክፍል፣ እያንዳንዱን ከነሚስማሩ ቆጠሩልኝ። ከዚያ በሕፃናቱ አጭር አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ ድረስ፣ ቁጭ አሉ።

«እኔ አይደለሁም ማለት ነው?»

«አይደሉም።»

«እኔ አይደለሁም?»

«እኔ ነኝ፣ አያ ፈንታ።»

ላምባ በነካ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ተመስገን፣ ተመስገን ይላሉ። እኔ ያደረግኩባቸውን ሁሉ ረስተው እኔን ያመሰግኑ ጀመር፣ እጄን ይዘው። ሸጋ ልጅ፣ ተባረኪ አሉኝ። ያንን ምርቃት ያህል የከበደኝ ዱላ እስካሁን አልቀመስኩም።

ወዲያው እጄን እንደያዙ ተነሡ፣ ለዳይሬክተሩ እንንገራቸው ብለው። ግቢውን አቋርጠን ቢሮው በር ላይ ደረስን። ከውስጥ የዳይሬክተሩ ድምፅ ይሰማል፣ አንዱን ተማሪ እየተቆጡ ነው። አያ ፈንታ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ ሽንቴ አመለጠኝ። በእግሬ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ገባ፣ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ። አያ ፈንታ ወደ ሲሚንቶው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ያነሡትን እጅ ቀስ ብለው መለሱት።

«ይቅር» አሉ። «እኔ ካወቅኩት ይበቃኛል።»

ያበጠውን መጽሐፍ በካፖርታቸው ኪስ ይዘውት ሄዱ። በቆጠራው አንድ መጽሐፍ ጎደለ፣ በእሳቸው ተያዘ። በወሩ መጨረሻ ቁልፉን አስረክበው ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በፀዳ ከተማ ወደምትኖረው ልጃቸው ቤት ገቡ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። መምህራኑ፣ አይ አያ ፈንታ፣ ምን የመሰለ ጭንቅላት እንዲህ ይሁን፣ እያሉ ከንፈር ሲመጡ እሰማለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ አየኋቸው፣ በዚያው ጥር፣ ለጥምቀት ቀሐ። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው፣ እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛለች። ከሰው መሐል ረጅም ቁመታቸውን ለየሁት። እሳቸውም አዩኝ፣ እየተጋፉ መጥተው ጎንበስ አሉ። «ዛሬ ሐና ናት» አሉኝ በጆሮዬ። «ነገስ?» ልመልስ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፣ «ሚካኤል!» አሉና ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። እናቴ ስንሄድ፣ ምስኪን፣ ይኸውልሽ እንግዲህ እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው አለችኝ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ምዝገባው ላይ ወረፋዬ ደረሰ። መዝጋቢዋ የአሁኗ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት፣ ወጣት፣ ቀልደኛ። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት የሳምንት ፕሮግራም ተለጥፏል፣ ከእሱ አጠገብ ያ ኮምፔንሳቶ አለ። ሚስማሮቹ ጃንጥላና ቦርሳ ተንጠልጥሎባቸዋል፣ ጽሑፉ ደብዝዟል። ሳይ አየችኝና ሳቀች። ድሮ አንድ ሽማግሌ ነበሩ አሉ፣ ጭንቅላታቸው ዞሮባቸው ሁለት ክፍል በአንድ ቀን እየጠሩ ልጆቹን ያጋጩ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይወራል አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ወላጆች ፈገግ ፈገግ አሉ።

«አይደለም» አልኩ።

መዝጋቢዋ ምን አልሽኝ ብላ እስኪርቢቶዋን አቆመች። ላምባው ይሸተኛል። ከኋላዬ ወሬው ቆመ።

«አያ ፈንታ ነው ስማቸው። ጭንቅላታቸው ጤነኛ ነበር፣ እስከ መጨረሻው። ካርዱን ያዟዟረችው አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ናት፣ እሳቸው ለእሷ ብለው ዝም አሉ።»

የእህቴ ልጅ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ቁልቁል ሳያት ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።